ከሰርቦ ብዙ ሳንርቅ ሌላ አገር

(በሬዲዮ ከተሰጠ የመሠረተ ትምህርት ንግግር የተወሰደ)

 

የዛሬው ትምህርታችን ስለ ጉዞ ነው። ጉዞ ስል ባሕር ማዶ እንሻገር ማለቴ አይደለም። ከዚሁ ከሰርቦ ተነስተን፣ ትንሽ ስንቅ ቋጥረን፣ ሌላ አገር የገባን እስኪመስለን ድረስ የተለዩ ስፍራዎችን እናያለን።

በመጀመሪያ አንድ ነገር ላጫውታችሁ። በማታው ክፍል ከሚማሩት መካከል አንዲት እናት አሉ። ዕድሜያቸው ከስልሳ ያልፋል። አንድ ቀን፣ «እማማ፣ ጅሬንን አይተውታል?» አልኳቸው።

«የት አይቼው፣ ልጄ!» አሉኝ። «አንድ ጊዜ ጅማ መናኸሪያ የሰርቦ መኪና ነው ብዬ ገባሁ። አጋሮ ላይ ውረጂ አሉኝ። መሽቶብኝ የማላውቀው ሰው ቤት አደርኩ። ከዚያ ወዲህ መንገድ ይቅርብኝ ብያለሁ።»

አያችሁ? ሰርቦ ከጅማ በአዲስ አበባ መንገድ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አጋሮ ደግሞ በሌላው ወገን፣ በምዕራብ ነው። መኪናው ላይ የተጻፈችውን አንዲት ቃል ማንበብ ባለመቻላቸው ሰው ደጅ አደሩ። ከዚያም በኋላ ስንት ዓመት ሙሉ ከቤት ቀሩ።

እንግዲህ ጉዟችንን እንጀምር።

አንደኛው ስፍራ ጅሬን ነው። ጅሬን ጅማ ከተማን ቁልቁል የሚያይ ኮረብታ ነው። እዚያ ላይ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት አለ። ዳግማዊ አባ ጅፋር ከ1870 ዓ.ም. ገደማ እስከ 1924 ዓ.ም. በጅማ የነገሡ ናቸው። ለአፄ ምኒልክ ግብር እየከፈሉ የአገራቸውን አስተዳደር ለረጅም ዘመን በእጃቸው አቆይተዋል። በዚያ ዘመን የሂርማታ ገበያ ሐሙስ ሐሙስ ሲቆም ከየአቅጣጫው ነጋዴ ይጎርፍበት ነበር። ዛሬ የጅማ ከተማ ያለችው እዚያው ላይ ነው። ቤተ መንግሥቱ ባለፎቅ ነው፤ ደረጃው፣ በረንዳው፣ ምሰሶው እንጨት ነው። እንጨትን ደግሞ ዝናብና ምስጥ ይበላዋል። ስለዚህ ይህ ቤት ካልተጠገነ፣ የሚጠይቀውም ሰው ከጠፋ፣ የልጅ ልጆቻችን በወሬ ብቻ ሊሰሙት ነው።

ሁለተኛው ስፍራ የግቤ ሸለቆ ነው። ከሰርቦ ወደ አዲስ አበባ ስንሄድ መጀመሪያ ነፋሻ ወይና ደጋ ላይ ነን። አሰንዳቦን እናልፋለን። ከአበልቲ በኋላ መንገዱ እየተጠማዘዘ ቁልቁል ይወርዳል። ያን ጊዜ ጋቢ የደረበ ያወልቃል፤ መስኮት የዘጋ ይከፍታል። የቡና ዛፍ ይጠፋና ግራር ይመጣል። በአንድ ቀን መንገድ አገር ተለወጠ እኮ!

ለምን ሞቀ? ወደ ፀሐይ ቀርበን ነው? እንዴት ተደርጎ! እኛ ወረድን እንጂ መቼ ወጣን? ነገሩ እንዲህ ነው። ፀሐይ አብዝታ የምታሞቀው መሬቱን ነው፤ መሬቱ ደግሞ አየሩን ያሞቃል። ከፍ ባለ ስፍራ አየሩ ስስ ስለሆነ ይቀዘቅዛል። 1,000 ሜትር ስንወርድ ሙቀቱ በአማካይ በ6 ዲግሪ ያህል ይጨምራል። ጅማ ከባሕር ወለል ከ1,700 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች። የግቤ ድልድይ ግን 1,100 ሜትር ገደማ ላይ ነው።

በሸለቆው ውስጥ የቆላ ዝንብም አለ። ከብትን ሲነክስ ገንዲ የሚባለውን በሽታ ያስተላልፋል። በሬ ከሞተ እርሻ የለም። ሸለቆው ለረጅም ጊዜ ሰው ሳይበዛበት የቆየበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ሦስተኛው የግልገል ግቤ ሐይቅ ነው። ይህ ሐይቅ ሰው ሠራሽ ነው። ወንዙ በግድብ ተይዞ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ኤሌክትሪክ ያመነጫል። ቀድሞ ሰው ያረሰበት፣ ከብት ያሰማራበት መሬት ዛሬ ውሃ ለብሷል፤ ብዙ ገበሬዎችም ለመብራቱ ሲባል ቀያቸውን ለቀዋል። ውሃው ከዚያ ወጥቶ፣ ተራራ ውስጥ በተቆፈረ 26 ኪሎ ሜትር ያህል ዋሻ ያልፋል። ከሰርቦ እስከ ጅማ ካለው መንገድ ይረዝማል ማለት ነው! በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው ሁለተኛው ጣቢያ የሚሠራው በዚሁ ውሃ ነው። ከዚያ ውሃው በኦሞ ወንዝ ተጉዞ፣ በኬንያ ጠረፍ በበረሃ መካከል ካለው ቱርካና ሐይቅ ይገባል። በእኛ ጣራ ላይ የዘነበ ዝናብ መድረሻው እዚያ ነው።

አራተኛው ከጅማ በቦንጋ መንገድ ያለው ደን ነው። ጥላው ውስጥ ሲገቡ ቀኑ የመሸ ይመስላል። ጉሬዛ ከዛፍ ዛፍ ይዘላል። ከትልልቆቹ ዛፎች ሥር ማንም ያልተከለው ቡና ይበቅላል። በ2002 ዓ.ም. ዩኔስኮ የካፋን ደን በዓለም ከሚጠበቁ ስፍራዎች መዝገብ አስገብቶታል።

ይህ ደን ለእኛ ምናችን ነው? በ1963 ዓ.ም. የቡና ፍሬ በሽታ በአገራችን ታየ። ፍሬው ገና በዛፉ ላይ እየጠቆረ ይረግፍ ነበር። ያን ጊዜ ጅማ አጠገብ ያለው የመልኮ ምርምር ጣቢያ ባለሙያዎች ከዚሁ ከደቡብ ምዕራብ ቡና እየመረጡ በሽታውን የሚችሉ ዝርያዎች አወጡ። ነገም ሌላ በሽታ ቢመጣ ዘር የምንፈልገው ከዚያው ነው። ደኑ ከተመነጠረ ከየት እናመጣለን?

ወደ እናታችን ልመለስና ላብቃ። ባለፈው ዓመት ክፍሉ በሙሉ ወደ ጅሬን ሄደን ነበር። ስንመለስ ጅማ መናኸሪያ ገባን። እሳቸው ቀድመው፣ መኪናዎቹን በጣታቸው እያመለከቱ ፊደል በፊደል ማንበብ ጀመሩ። «አ-ጋ-ሮ። አንተን እንኳ አውቅሃለሁ፤ ሁለተኛ አልገባብህም!» አሉና ሁላችንንም አሳቁን። ቀጥለው «ሰ-ር-ቦ» አሉና ገቡ። እኛም ተከትለናቸው ገባን።

በሉ እንግዲህ፣ ከሚከተሉት ጥያቄዎች ጋር ደህና ሰንብቱ።

1. የግቤ ሸለቆ ከሰርቦ ይልቅ የሚሞቀው ለምንድን ነው?
2. የጫካ ቡና ከጠፋ የጓሮ ቡናችን ምን ይጎዳል?
3. በአካባቢያችሁ ካለ ስፍራ ያላያችሁት የትኛውን ነው? ስሙን በደብተራችሁ ጻፉ።