ዩካና ዘሩን የምትበላው የእሳት እራት

ከአትላንታ በስተምሥራቅ ስቶን ማውንቴንና አራቢያ ማውንቴን የተባሉ ትላልቅ ዓለቶች አሉ፤ አፈሩ ከመሳሳቱ የተነሣ ደን ሊወርሰው ባልቻለው፣ ፀሐይ በሚበረታበት የዓለቶቹ ዳርቻ ሣር መካከል፣ ቅጠሉ እንደ ሰይፍ የሾለና ከጠርዙ ነጭ ክር የሚላጥ፣ ዩካ ፊላመንቶሳ የተባለ ተክል ይበቅላል። በከተማውም በየግቢው ለጌጥ ስለሚተከል፣ በአካባቢው የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ስሙን ባያውቁት እንኳ መልኩን ሳያዩት አይቀሩም።

በግንቦት መጨረሻና በሰኔ ተክሉ ረጅም ዘንግ አውጥቶ ነጭ አበባ ሲያንጠለጥል፣ ቴጀቲኩላ ዩካሴላ የተባለች፣ ክንፏ ሲዘረጋ ሁለት ሳንቲሜትር ገደማ የሆነች ነጭ የእሳት እራት ከአፈር ትወጣለች። የምትኖረው ለጥቂት ቀናት ብቻ ነው። ሴቷ በአፏ አጠገብ ባሉ ጥምዝ ክንዶች የአበባውን ብናኝ፣ ማለትም የወንዴ ዘር የያዘውን ዱቄት፣ ሰብስባ ታድበለብለዋለች፤ ወደ ሌላ አበባ በርራም ዘር የሚያፈራውን የአበባውን ክፍል ወግታ እንቁላሏን ትጥላለች፤ ከዚያም ወደ ጫፉ ወጥታ ብናኙን ራሷ ትጠቀጥቀዋለች። ዩካ ያለ እርሷ በተፈጥሮ ዘር አይዝም፤ ከእንቁላሉ የሚፈለፈሉት እጮችም የሚመገቡት ይህንኑ ዘር ነው። እ.ኤ.አ. በ1872 ይህን ግንኙነት ሐኪሙና የዕፅዋት ተመራማሪው ጆርጅ ኤንገልማን ካስተዋለ በኋላ፣ የሚዙሪ ግዛት የነፍሳት ባለሙያ የነበረው ቻርለስ ራይሊ በዝርዝር አጥንቶታል።

ግንኙነቱን ወዳጅነት ብሎ መጥራት የተለመደ ቢሆንም፣ ቅጣት ያለበት ውል ነው ማለቱ ሳይሻል አይቀርም፤ ምክንያቱም ተክሉ ብዙ እንቁላል የተጣለባቸውን ወይም ብናኝ ያነሳቸውን አበቦች መርጦ ያረግፋል፣ በረገፈው አበባ ያሉት ልጆችም አብረው ይጠፋሉ። እራቷም እንቁላል የጣለችበትን አበባ በጠረን ምልክት ታደርግበታለች፤ ሌሎች ሴቶችም ጠረኑ ባለበት አበባ ላይ ብዙ እንቁላል አይጨምሩም። ስለዚህ እጮቹ ከዘሩ ከፊሉን ብቻ በልተው፣ ፍሬውን ቦርቡረው ይወርዱና በአፈር ውስጥ የሐር መጠቅለያ ሠርተው ይከርማሉ፤ አንዳንዶቹም ከአንድ ዓመት በላይ ይቆያሉ።

ውሉን የማታከብር ዘመድም አለች። ቴጀቲኩላ ኢንተርሚዲያ ብናኝ መሰብሰቢያ ክንድ የላትም፤ ሌላዋ የደከመችበትን ለጋ ፍሬ ጠብቃ እንቁላሏን ትጥልበታለች። በዚያን ጊዜ ተክሉ አበባ የሚያረግፍበት ወቅት ስላለፈ፣ ቅጣቱ አያገኛትም።