ካርቡራተር በቤንዚን አትጠቡ

ደብረ ታቦር ውስጥ ካርቡራተር የፈታ ሰው መጀመሪያ የሚያነሳው ቤንዚን ነው። ከራሱ ከሞተሩ ይቀዳል፣ ቅባቱን ቶሎ ያነሳል፣ ወዲያው ይደርቃል። ቶሎ ደረቀ ማለት ግን ቶሎ ተነነ ማለት ነው፤ አደጋውም እዚያው ላይ ነው።

«አገሩ ብርድ ነው፣ ምን ይሆናል» ሲባል እሰማለሁ። ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ አካባቢ እንኳ እሳት የሚይዝ ትነት ይሰጣል፤ የጉና ውርጭ አይበግረውም። ትነቱ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ለወለል ይሄዳል። ክረምት ላይ በር ዘግተን፣ ጥግ ላይ የቡና ከሰል አያይዘን ስንሠራ፣ የሚደርሰው ምድጃው ዘንድ ነው። አጥብቄ የምፈራው ይህን ነው።

እኔ የምመርጠው ነጭ ጋዝ ነው። በባሕር ጠለል ላይ ትነቱ እሳት ለመያዝ 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሙቀት ይፈልጋል። ከተማችን 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ግን የአየሩ ግፊት ከሩብ በላይ ያነሰ ነው፤ ያ ገደብም 7 ዲግሪ ያህል ይወርዳል። ለደብረ ታቦር ቅዝቃዜ አሁንም በቂ ነው፤ ፀሐይ ላይ የዋለ ወይም እሳት ዳር የተቀመጠ ጣሳ ግን ያልፈዋል። ስለዚህ ደጅ ጥላ ሥር፣ ክዳን ባለው የብረት ጣሳ፣ በጓንት ሥሩ። ነጭ ጋዝ ዝግተኛ ነው፤ የደረቀ ዝቃጭ ካለ ዘፍዝፋችሁ ተዉት፣ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈትጉት፣ መነጽር አድርጋችሁ በኮምፕሬሰር ንፉት።

ጎሚኒዎቹንና የፕላስቲክ ተንሳፋፊውን አስቀድማችሁ አውጡ። ቲነር ጎሚኒ ያሳብጣል፣ ፕላስቲክ ያበላሻል። በረኪናና ሎሚ ደግሞ ብረቱን ይበሉታል።

ቀዳዳ በሽቦ አይወጋም። ከወረታ ሽቅብ የመጣ ሞተር አየሩ ስለሳሳበት ቀድሞውኑ ቤንዚን ይበዛበታል፤ የነሐሱን ቀዳዳ ስታሰፉበት ጥቁር ጭሱ ይብሳል፣ ፍጆታውም ይጨምራል።

በአፍ መሳብና መንፋት ይቅር። ጥቂቱ እንኳ ወደ ሳንባ ከገባ ያቆስላል። የዋጠ ሰው እንዲያስመልስ አይደረግም፤ ወዲያው ሐኪም ቤት ይወሰዳል። በሃይላንድ ጠርሙስም አታስቀምጡ፤ ነጭ ጋዝ ውሃ ይመስላል፣ ልጅ አንስቶ ይጠጣዋል።

የቆሸሸውን አሳድሩት፤ ሲጠልል ከላይ ያለው ለሌላ ቀን ይሆናል። ቦይ ውስጥ ግን አትድፉት፤ ርብም ጉማራም ከጉና ተነሥተው የሚገቡት ጣና ነው።