ትልቅ ሮቶ የሻወር ግፊት አይጨምርም

«ሻወሩ ደከመብን፤ የ2,000 ሊትሩን ሮቶ በ5,000 ብንቀይረውስ?» ይሉኛል ደንበኞች። ብራችሁን አታባክኑ! በቆመ ውሃ ውስጥ ግፊትን የሚወስነው ከላይ ያለው የውሃ ከፍታ እንጂ ብዛቱ አይደለም። በየ1 ሜትሩ 0.1 ባር ገደማ ይጨምራል። ሮቶው ውስጥ ያለው ውሃ ከሻወሩ 3 ሜትር ከፍ ካለ የምታገኙት 0.3 ባር አካባቢ ነው፤ ሮቶው የመዋኛ ገንዳ ቢያክልም። ምድር ቤት ያለው ጎረቤታችሁ ውሃው የሚጠነክርለት ለዚህ ነው።

ቧንቧውን ሁሉ ዘግታችሁ የግፊት መለኪያ ብትገጥሙ፣ በአንድ ከፍታ ላይ እስካሉ ድረስ በቀጭኑም በወፍራሙም መስመር እኩል ያሳያል። (ሲከፈት ግን ሌላ ነው፤ በጠበበ ወይም በዛገ መስመር ውስጥ ሲሮጥ ግፊቱ መንገድ ላይ ያልቃል።)

ስለዚህ መጀመሪያ መስመሩን አስፈትሹ። ደህና ከሆነ ሮቶውን ከፍ አድርጉት፤ ካልተመቸ ፓምፕ ግጠሙ። ትልቅ ሮቶ የሚጠቅመው ውሃ በፈረቃ ለሚመጣበት ሰፈር ነው።