የአሳማ ኩላሊት በሰው አካል፤ ሰውነት ባዕዱን የሚገፋው ለምንድን ነው?

ከሰበታ፣ ከቡራዩ ወይም ከሱሉልታ ተነስቶ ለኩላሊት እጥበት አዲስ አበባ የሚመላለስ ሕመምተኛ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀን፣ በእያንዳንዱም አራት ሰዓት ያህል ከማሽን ጋር ይቆያል። የመንገዱ ድካምና ወጪ ለብቻው ነው። ከዚህ የሚያሳርፈው ንቅለ ተከላ ሲሆን፣ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ አገልግሎቱ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም ነው። ኩላሊቱ የሚገኘው ግን በሕይወት ካለ ቤተሰብ በመሆኑ፣ የሚስማማ ዘመድ ያጣ ሰው በእጥበቱ ይቀጥላል።

ተመራማሪዎች ዓይናቸውን ወደ አሳማ የጣሉት በዓለም ዙሪያ ባለው በዚሁ የለጋሽ እጥረት ሳቢያ ነው። የአሳማ ኩላሊት በመጠንም በአሠራርም ከሰው ጋር ይቀራረባል። ችግሩ ያለው በሴሎቹ ገጽ ላይ ነው። የአሳማ ሴሎች «አልፋ ጋል» የተባለ የስኳር ሞለኪውል ለብሰዋል፤ የሰው ሴሎች ይህ የላቸውም። በሰው አንጀት የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ግን ተመሳሳዩን ስለሚይዙ፣ ሰውነት ከሕፃንነት ጀምሮ ይህን ስኳር የሚያጠቁ አንቲቦዲ የተባሉ ተከላካይ ፕሮቲኖችን አዘጋጅቶ ይጠብቃል። ስለዚህ ባልተለወጠ የአሳማ ኩላሊት ውስጥ ደም መዘዋወር እንደጀመረ አንቲቦዲዎቹ የደም ሥሮቹን ግድግዳ ይወርራሉ፤ ደም ይረጋል፤ ኩላሊቱም በደቂቃዎች ወይም በሰዓታት ውስጥ ጠቁሮ ይሞታል። በዘመዳሞች መካከል እንዲህ ያለው ፈጣን ጥቃት እምብዛም የማይታየው የደም ዓይነትና የመስማማት ምርመራ ስለሚቀድም ነው።

መላው አሳማውን ራሱን መለወጥ ሆነ። እ.አ.አ በማርች 2024 በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል ለሪቻርድ ስሌይማን የተተከለው ኩላሊት 69 የጂን ማስተካከያዎች ተደርገውበት ነበር። ሦስት የአሳማ ጂኖች ተወግደዋል፤ ሰባት የሰው ጂኖች ተጨምረዋል፤ ቀሪዎቹ 59 በአሳማው ዘረመል ውስጥ የተሸሸጉ ቫይረሶችን ያመከኑ ናቸው።

ፈጣኑ ጥቃት በዚህ ታለፈ፤ ዘገምተኛው ግን ገና አልተረታም። በ8ኛው ቀን የስሌይማን ነጭ የደም ሴሎች ኩላሊቱን ማጥቃት ጀምረው በመድኃኒት ተገትተዋል። እርሳቸው ከሁለት ወር ገደማ በኋላ ቢያርፉም፣ ሆስፒታሉ ሞታቸውን ከንቅለ ተከላው ጋር የሚያያይዝ ምልክት እንዳልተገኘ አስታውቋል። በኒውዮርክ የአሳማ ኩላሊት የተተከለላቸው ቶዋና ሉኒ ደግሞ ከ130 ቀናት በኋላ ኩላሊቱ ወጥቶላቸው ወደ እጥበት ተመልሰዋል። ኢንፌክሽን ስለያዛቸው የመከላከል አቅምን የሚገታው መድኃኒት ሲቀነስ፣ ሰውነታቸው ኩላሊቱን መግፋት ጀምሮ ነበር።

ይህ አጣብቂኝ ለኢትዮጵያውያን ታካሚዎችም እንግዳ አይደለም። ከወንድሙ ወይም ከእኅቱ ኩላሊት የተቀበለ ሰው ተመሳሳይ መድኃኒት ዕድሜ ልኩን ይወስዳል፤ ካቋረጠ የተሰጠውን ኩላሊት ሊያጣ፣ ሲወስድም በቀላል ተሕዋስያን ሊጠቃ ይችላል። ከአሳማ ሲሆን የሚያስፈልገው የመድኃኒት ኃይል ከዚህም ይበረታል።