እንዝርትን ለማያውቋት

የአራዳን ሰው ትምህርት ከወዴት ይገኛል ብለው ቢጠይቁት ጣቱን ወደ ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ወይም ወደ ስድስት ኪሎ ይቀስራል እንጂ፣ በገዛ ቤቱ ጓዳ በግድግዳ ስንጥቅ ተሰክታ አቧራ የለበሰችውን እንዝርት ከመምህራን ወገን አይቆጥራትም። ከራስ መኮንን ድልድይ እስከ አፍንጮ በር ባሉት ጊቢዎች ግን፣ አያት ከልጅ ልጅ ጋር በአንድ ጣራ በሚያድርባቸው ቤቶች፣ ይህች ቀጭን ዘንግ ከመጽሐፍ አስቀድማ ትዕግሥትንም ሒሳብንም ስታስተምር ኖራለች፤ ልጆቹን በቤቱ ለማስተማር የሚያስብ ወላጅም ካለ፣ ከውጭ አገር የሚመጣውን ባለ ብዙ ቀለም መጫወቻ ከመግዛቱ በፊት ከእርሷ ጋር እንዲተዋወቅ እመክረዋለሁ። ስለ ስፌት፣ ስለ ጥልፍና ስለ ሸክላ ሌላ ሰው ይጻፍ፤ የእኔ ፍቅር ፈትል ነውና።

መሠረታዊው ነገር ለሁሉ የታወቀ ስለ ሆነ ባጭሩ አልፈዋለሁ። ጥጡ በድንጋይ ላይ በቀጭን ብረት ተዳምጦ ፍሬው ይወጣል፣ በደጋን ተነድፎ ባዘቶ ይሆናል፣ ባዘቶው ተጠቅልሎ አመልማሎ ይባላል፣ አመልማሎው በእንዝርት ተፈትሎ ልቃቂት ይወጣዋል፣ ልቃቂቱም ወደ ሸማኔ ይሄዳል። እንዝርቷ ራሷ አንዲት ዘንግና በዘንጓ ላይ የተሰካ ክብ ማክበጃ ናት፤ ፈታይቱ ዘንጉን በጭኗ ላይ በመዳፏ አሸት አድርጋ ስታሾረው ማክበጃው ሽክርክሪቱን ይዞ ያቆይላታል።

ዕድሜዋን ለሚጠይቅ ሰው፣ ንጉሥ ኢዛና በ4ኛው ምዕት ዓመት ባስቀረጸው የድል ጽሑፍ ከጠላቶቹ ያጠፋውን ሀብት ሲዘረዝር እህልንና ጥጥን ጠቅሷል፤ ጥጥ ባለበትም ፈታይ እንደ ነበረች ለማመን ሊቅ መሆን አያሻም። መጽሐፈ ምሳሌም በ31ኛው ምዕራፉ የልባምን ሴት እጅ ሲያመሰግን እንዝርትን ሳይጠራት አላለፈም። ከሁሉ የሚበልጥብኝ ግን የቤተ ክርስቲያናችን ሠዓልያን ነገር ነው፤ የብሥራትን ሥዕል ሲሥሉ፣ እመቤታችን ለቤተ መቅደስ መጋረጃ የሚሆነውን ሐርና ወርቅ በምትፈትልበት ሰዓት መልአኩ ቅዱስ ገብርኤል እንደ ደረሰባት አድርገው፣ በብዙ ቦታ ፈትሉን በእጇ ያስይዟታል። እንግዲህ ፈትል የመሃይም ሴት ሥራ ነው የሚል ሰው፣ ቅዳሴ ቆሞ ዓይኑን ወደ ግድግዳው አላነሣም ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ብዙ ሰው ክር የሚጠነክረው ሲወፍር ነው ብሎ ያምናል፤ በሽሮ ሜዳ ሸማ ሲገዛም ጨርቁን በሁለት ጣቱ አሽቶ «ወፍራም ነው፣ ይበረክታል» ሲል ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ስሕተት ነው። አንዲቱ የጥጥ ጠጉር ብዙውን ጊዜ 3 ሳንቲ ሜትር አትሞላም፤ ታዲያ ይህች አጭር ጠጉር ከብጤዎቿ ጋር ሆና ብዙ ክንድ የሚረዝመውን ድር እንዴት ልታወጣ ቻለች? አልተሰፋችም፣ በሙጫ አልተጣበቀችም፣ አልተቋጠረችም። ምሥጢሩ ማክረር ነው። ጠጉሮቹ ጎን ለጎን ተኝተው ሳሉ ቢስቧቸው ያለ አንዳች ክርክር ይለያያሉ፤ በከረሩ ጊዜ ግን አንዱ በሌላው ላይ ተጠምጥሞ ይጫነዋል፣ ክሩንም በሁለት ጫፉ በሳቡት መጠን ጥምጥሙ ወደ ውስጥ እየጠበቀ ጠጉሮቹን አብልጦ ያያይዛቸዋል፤ ሊበጥሰው የመጣው ኃይል ራሱ፣ እስከ ልኩ ድረስ፣ ክሩን የሚያጸናው ኃይል ሆኖ ይገኛል። ያልከረረ ወፍራም ፈትል በሕፃን እጅ ይለያያል፤ በደንብ የከረረ ቀጭን ፈትል ግን ጣት ይቈርጣል።

ድርና ማግ ሁለት ልዩ ልዩ ፍጥረት የሆኑትም በዚሁ ምክንያት ነው። ድር በሸማኔው ዕቃ ላይ ተወጥሮ የሚውል፣ ሸማኔው መርገጫውን በረገጠ ቁጥር ወጥቶ የሚወርድ፣ ማጉን በሚያጠጋው ማበጠሪያ መሰል መሣሪያም ቀኑን ሙሉ የሚፈተግ ስለ ሆነ፣ ቀጥኖ አብዝቶ መክረር ይገባዋል። ማግ ግን በመወርወሪያው ሆድ ተኝቶ መጥቶ በድሩ መካከል የሚጋደም እንጂ ያን ያህል ውጥረት የማያገኘው ስለ ሆነ ላላ ይላል፤ ላላ በማለቱም በጠጉሮቹ መካከል አየር ይይዛል፣ አየሩም ሙቀትን ይጠብቃል። አራት ድርብ የሆነው ጋቢ ከእንጦጦ የሚወርደውን ብርድ የሚመክተው ስለ ክብደቱ ብቻ ሳይሆን ስለ ማጉ ልስላሴ ነው። ጥሩ ፈታይ ለድር ሲሆን ዘንጉን አጥብቃ፣ ለማግ ሲሆን አለዝባ ታሾረዋለች፤ ልኩንም በዓይኗ ሳይሆን በጣቷ ጫፍ ታውቀዋለች፤ ከልክ ያለፈ ክር ሲያላሉት በራሱ ላይ ተጠማዞ ይቋጠራልና።

በዛሬው ጊዜ ብዙ ሸማኔ ድሩን ከፋብሪካ ክር አድርጎ የእጅ ፈትሉን ለማግ ብቻ ያውለዋል። ይህ ነውር አይደለም፤ ነውሩ ሻጩ ሁለንተናው የእጅ ፈትል ነው ብሎ ሲምል ነው። ገዢው ጨርቁን ወደ ብርሃን አንሥቶ ቢመለከት፣ የፋብሪካው ክር ከዳር እስከ ዳር አንድ ልክ ሆኖ፣ የእጁ ፈትል ግን እዚህ ወፈር እዚያ ቀጠን ብሎ ይታየዋል፤ ይህን ለማየት የማይደክም ሰው ቢታለል አላዝንለትም።

ከመጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ በወረርሽኙ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሁሉ ተዘግተው በነበሩበት ወራት፣ በአፍንጮ በር አንዲት ባልቴት የልጅ ልጆቻቸውን በእንዝርት ሲያስተምሩ ተመልክቻለሁ። አስቀድመው እንዝርቷን አልሰጧቸውም፤ ባዘቶ ቈርሰው በመዳፋቸው አኖሩላቸውና «በሉ ሳቡት» አሏቸው፤ ተለያየ። «አሁን በጣታችሁ አክርራችሁ ሳቡት» አሏቸው፤ አልበጠስ አለ። ታናሹ «እማማ፣ ምን አደረጉበት?» ብሎ ቢጠይቃቸው፣ «ምንም አላደረግሁበት የኔ ልጅ፤ አንተው ነህ ያዞርከው» አሉት። ስለ ሰበቃ ኃይል በሰሌዳ ላይ ከተጻፈው ሁሉ ይህ እንደሚበልጥ አልጠራጠርም።

በእንዝርት ጊዜ እጅ ይታሰራል፣ ዓይንም በአመልማሎው ላይ ያርፋል፤ ጆሮና አንደበት ግን ነፃ ናቸው። ስለዚህ ታላቂቱ ልጅ እየፈተለች የብዜት ሠንጠረዡን ትወጣዋለች፣ ታናሹ ጥጡን እየለቀመ ፊደሉን ከሀ እስከ ፐ ይለዋል፣ ባልቴቷም በመካከሉ ተረት ያገቡበታል። የቆሎ ተማሪ እንጨት ተሸክሞ ሲመለስ እንኳ ቃሉን ይከልስ እንደ ነበር የሚያውቅ ሰው በዚህ አይደነቅም። አንድ ቀን ነጠላ ሁለት ድርብ፣ ጋቢ አራት ድርብ ከሆነ፣ ለጋቢ ከነጠላው ምን ያህል የበለጠ ልቃቂት ያሻል የሚል ጥያቄ ተነሣ፤ ታናሹ «እጥፍ!» ሲል፣ እኅቱ የጋቢው ማግ ወፍራም ነውና ከእጥፍም ይበልጣል ብላ ረታችው። እንዲህ ያለውን ጥያቄ በሒሳብ መጽሐፍ አላገኘሁም።

ነገሩ የእኔ ብቻ ምኞት እንዳይመስል፣ ማኅተመ ጋንዲ በ1937 እ.ኤ.አ. በዋርዳ በተደረገው ጉባኤ፣ ልጅ ሁሉ በዕደ ጥበብ አማካይነት ንባብንም ሒሳብንም ይማር ብለው ሐሳብ ሲያቀርቡ፣ ታክሊ የምትባለውን የህንድ የእጅ እንዝርት ለዚሁ ትምህርት አመስግነዋታል፤ የትምህርቱን መርሐ ግብር ያዘጋጀውን ኮሚቴ የመሩት ዛኪር ሁሴንም ኋላ በ1967 እ.ኤ.አ. የአገራቸው ፕሬዚዳንት ለመሆን በቅተዋል።

በእኛ ዘንድ ግን እንቅፋቱ ሁለት ነው። አንደኛው፣ ፈትል የሴት፣ ሽመና የወንድ ነው የሚለው ልማድ ነው፤ ወንድ ልጅ እንዝርት ሲይዝ የሚሥቅ አባት፣ ያው ልጅ ስለ ክር ጽናት ያገኝ የነበረውን ዕውቀት በሣቁ ይቀማዋል። ሁለተኛው በእጁ የሚሠራውን ሰው መናቅ ነው። ከአፍንጮ በር ብዙም በማይርቀው በቀጨኔ የሚኖሩት ሸማኔዎችና ሸክላ ሠሪዎች ይህን ንቀት ለብዙ ዘመን ተሸክመውታል፤ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብ እንዲቀር በአዋጅ ከልክለው ሳለ፣ ስድቡ አዋጁን አላከበረም።

የእጅ ፈትል ያለው ሁሉ ደግሞ ይስማኝ፤ ጋቢን በበረኪና መዘፍዘፍ ግፍ ነው። በረኪናው ጠጉሩን ይበላዋል፤ ጠጉሩ ከተበላ ማክረር ምን ይረዳዋል? ቀድሞ ሸማ የሚታጠበው በእንዶድ ነበር። በ1964 እ.ኤ.አ. ዶክተር አክሊሉ ለማ በአድዋ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ባለው ውኃ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው፣ እንዶድ የቢልሃርዚያን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ለዓለም ያስታወቁት ይህንኑ የሸማ አጠባ በማስተዋላቸው ነው።

ልጁን ለማስጀመር የሚፈልግ ወላጅ ከባድ እንዝርት አይስጠው፤ ክብደቷ ገና ያልጸናውን ክር ይበጥስበታልና። ድርም አያስፈትለው፤ በማግ ይጀምር፣ መዛነፉ በማግ ብዙ አይጎዳምና። የተጠራቀመው ልቃቂት ወደ ሸማኔ ከመሄዱ በፊት ግን ሸማኔው ይጠየቅ፤ አንዳንዱ ሕፃን የፈተለውን ማግ አልቀበልም ይላል፣ እውነቱንም ነው፤ በየክንዱ ሲበጠስበት የሚቋጥረው እርሱ ነውና፣ የሚቀበል ከተገኘም ዋጋውን አይከራከሩት።