ጋቢና የሚቀመጥ ሰው

ያገለገለ መኪና ከትልቅ ከተማ ገዝቶ ወደ አገር ቤት መንዳት በኢትዮጵያ የተለመደ ጉዞ ነው፤ መኪናው «ይሄዳል» ከሚባለው ይልቅ «ገና አልቆመም» ለሚባለው የቀረበ ሲሆን ግን ጉዞው የሜካኒክ ዕውቀትን፣ የሕግ ጥንቃቄንና የትዳር መግባባትን በአንድ ቀን የሚፈትን ሥራ ይሆናል። ከአዲስ አበባ ተነስቶ በደብረ ማርቆስና በቡሬ በኩል የአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን ዋና ከተማ እስከሆነችው እንጅባራ የሚደርሰው መንገድ ወደ 450 ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ የዳንግላ ሰው ደግሞ በአዲስ ቅዳም በኩል ጥቂት አሥር ኪሎ ሜትሮችን ይጨምራል። ይህ መንገድ ደጋን፣ በረሃንና እንደገና ደጋን የሚያቋርጥ በመሆኑ በመኪናው ውስጥ የተደበቀውን ድክመት ሁሉ አንድ በአንድ ያወጣል፤ በዚህ ጊዜ ከሾፌሩ ጎን፣ በተለምዶ «ጋቢና» በሚባለው ወንበር ላይ የተቀመጠው ባል ወይም ሚስት የሚሠራው ሥራ ከመሪው ሥራ የሚያንስ አይደለም።

ገዢዎች እንዲህ ያለውን መኪና የሚመርጡት ወድደው ብቻ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ከውጭ በሚገቡ ያረጁ ተሽከርካሪዎች ላይ ከባድ ታክስ የጣለ ሲሆን፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። አቅሙ ለአዲስ የኤሌክትሪክ መኪና የማይደርስ ቤተሰብ ስለዚህ ፊቱን የሚያዞረው ቀድሞ ወደ አገር ወደገባውና ብዙ እጅ ወደዞረው መኪና ነው፤ በሌላ አገር ለቁርጥራጭ ብረት የሚሸጠው አሮጌ ኮሮላ እዚህ ለሌላ ትዳር መነሻ ሀብት ሆኖ ይቆጠራል።

መኪናው የጋራ ሀብት መሆኑ በስሜት ብቻ ሳይሆን በሕግም የታወቀ ነው። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ጋብቻው ጸንቶ ባለበት ጊዜ የተፈራ ንብረት የአንደኛው የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ በቀር የጋራ ተደርጎ ይወሰዳል፤ የባለቤትነት መታወቂያ ደብተሩ፣ ማለትም «ሊብሬው»፣ በባል ወይም በሚስት ስም ብቻ መውጣቱ ይህንን ግምት በራሱ አይለውጠውም። ከጉዞ በፊት ሁለቱም ሊያዩት የሚገባው ሰነድ ሦስት ነው፦ አንደኛው ሊብሬው ሲሆን፣ በእርሱ ላይ የተጻፉት የሞተርና የሻንሲ ቁጥሮች በብረቱ ላይ ከተቀረጹት ጋር መመሳሰል አለባቸው፤ ሁለተኛው ዓመታዊ የቴክኒክ ምርመራ መደረጉን የሚያሳየውና «ቦሎ» የሚባለው ምልክት ነው፤ ሦስተኛው በአዋጅ ቁጥር 799/2005 አስገዳጅ የሆነው የሦስተኛ ወገን መድን ሲሆን፣ ይህም መኪናው በሌላ ሰው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት የሚከፍል ዋስትና ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለተደበቀ ጉድለት ዋስ እንዲሆን ቢያዝም፣ ገዢውም ዕቃውን ሳይዘገይ መርምሮ ያገኘውን ጉድለት ወዲያው እንዲያስታውቅ ይጠይቃል፤ ስለዚህ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ማስነሳት፣ ጭሱን ማየትና ከተማው ውስጥ ጥቂት መንዳት የገዢው መብት ብቻ ሳይሆን ግዴታውም ነው።

የጭሱ ቀለም ለማንም ሰው የሚገባ ቋንቋ ነው። ጥቁር ጭስ ነዳጁ ከአየሩ በላይ መብዛቱን፣ ሰማያዊ ጭስ ሞተሩ ዘይት መብላቱን፣ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማያቋርጥ ነጭ ጭስ ደግሞ የማቀዝቀዣው ውሃ ወደ ሞተሩ የመቃጠያ ክፍል መግባቱን ያመለክታል። የመጨረሻው ብዙ ጊዜ የሚመጣው «ጓርኒሲዮን ሲቃጠል» ነው፤ ጓርኒሲዮን በሞተሩ አካልና «ቴስታታ» በሚባለው የላይኛው ክዳን መካከል የሚገባ ስስ ማሸጊያ ሲሆን፣ ስሙም እንደ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ሞተሪኖ፣ ክሪክና ጎሚስታ ሁሉ ከጣሊያንኛ መጥቶ በጋራዥ አማርኛ ውስጥ የቀረ ነው። ነጭ ጭስ የሚያወጣ መኪና የአባይን በረሃ ይሻገራል ብሎ ተስፋ ማድረግ ዋጋውን ሁለት ጊዜ ለመክፈል እንደመስማማት ይቆጠራል።

በከባድ መኪና ሙያ ውስጥ ከሾፌሩ ጎን ያለው ሰው «ረዳት» ይባላል፤ ረዳት የሚረዳው በማበረታታት ሳይሆን ጎማ በመምታት፣ ዘይትና ውሃ በማየት፣ ዳገት ላይ መኪናው ሲቆም ወርዶ ከጎማው ሥር «ታኮ»፣ ማለትም መኪናውን ከመንሸራተት የሚያግድ ድንጋይ ወይም እንጨት፣ በመክተት ነው። ባለትዳሮች በግማሽ ጤና ያለ መኪና ይዘው ሲጓዙ ይህ የሥራ ክፍፍል ወደ ትዳሩ ይገባል። ሾፌሩ ዓይኑ መንገዱ ላይ፣ እጁ መሪው ላይ፣ እግሩ ፔዳሉ ላይ ስለተያዘ የሙቀት መለኪያውን ቀስ ብሎ መውጣት፣ የተለየ ሽታን ወይም ከጎማ አካባቢ የሚመጣን አዲስ ድምፅ ቀድሞ የሚያስተውለው ጋቢና ያለው ሰው ነው።

የአውቶሞቢል የረጅም ርቀት ጉዞ ታሪክ ራሱ የተጀመረው በእንዲህ ያለ የትዳር አጋር ጉዞ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በ1880 ዓ.ም. ጀርመናዊቷ ቤርታ ቤንዝ ባሏ ካርል ቤንዝ የሠራውን ባለ ሦስት ጎማ ተሽከርካሪ ለእርሱ ሳትነግር ሁለት ወንዶች ልጆቿን ይዛ ከማንሃይም እስከ ፎርዝሃይም 106 ኪሎ ሜትር ያህል ነዳች፤ ርቀቱ ከእንጅባራ እስከ ባህር ዳር ካለው ጥቂት ያነሰ ነው። ነዳጅ የሚሸጥበት ማደያ ገና ስላልነበረ ከመድኃኒት ቤት የጽዳት ፈሳሽ ገዛች፣ የተዘጋውን የነዳጅ ቱቦ በባርኔጣ መርፌዋ ከፈተች፣ ዳገት ላይ ልጆቿ ገፉ፣ ቁልቁለቱ የእንጨቱን ፍሬን ሲጨርሰው ደግሞ ጫማ ሰፊ ቆዳ እንዲለብጥበት አደረገች። ከትዳሯ በፊት ከወላጆቿ የተሰጣትን የጋብቻ ገንዘብ ለካርል ሥራ ያዋለችው ይህች ሴት ከጉዞው ስትመለስ ያመጣችው ውዳሴ ሳይሆን የጉድለት ዝርዝር ነበር፤ ለዳገት የሚሆን ተጨማሪ ማርሽ እንደሚያስፈልግ የነገረችው እርሷ ናት። ለባሏ መኪና የዋለችው ትልቁ ውለታም ጉድለቱን ሳትሸፍን መናገሯ ነው።

ይህ ትምህርት በጎጃም መንገድ ላይ ከሁሉ በላይ የሚሠራው አባይ በረሃ ውስጥ ነው። ከጎሃ ጽዮን እስከ ደጀን 40 ኪሎ ሜትር ያህል የሆነው ጠመዝማዛ መንገድ ከደጋው አፋፍ እስከ ወንዙ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል፤ በጃፓን መንግሥት እርዳታ ተሠርቶ በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ የተመረቀውን የህዳሴ ድልድይ ከተሻገረ በኋላም ያንኑ ያህል ይወጣል። የቁልቁለቱን ክብደት በቁጥር ለመረዳት 1,000 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና 1,300 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት ወደ ሙቀት ቢለወጥ 40 ሊትር የሚሆን ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ይህ ሁሉ ሙቀት በፍሬኑ ሸራና ብረት ላይ ብቻ ከወረደ የፍሬኑ ዘይት ሊፈላ ይችላል፤ የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት የመሳብ ባሕርይ ስላለው፣ አዲስ ሳለ ከ200 ዲግሪ በላይ የሚፈላው ዓይነት ለዓመታት ሳይቀየር ሲቀር በ140 ዲግሪ ገደማ ሊፈላ ይችላል፤ ሲፈላም አረፋ ስለሚፈጥር ፔዳሉ ተረግጦ ወለል ይነካል እንጂ መኪናውን አይዝም። መፍትሔው የታወቀ ነው፦ «ከባድ ማርሽ» በሚባለው፣ ማለትም በአንደኛ ወይም በሁለተኛ ማርሽ፣ ሞተሩ ራሱ ጎማውን እንዲይዝ አድርጎ መውረድ፣ ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ማርሹን ነጻ አለማድረግ፣ የፍሬን ሽታ ሲሸትም ሰፋ ያለ ቦታ ፈልጎ መቆም። ሽታውን ቀድሞ የሚናገር ሰው ቢኖርም ሾፌሩ የሚሰማው ካልሆነ ማርፈዱ አይቀርም።

ሽቅቡ ደግሞ የማቀዝቀዣውን ድክመት ያወጣል። መኪናው በዝግታ ሲወጣ ራዲያተሩ ውስጥ የሚያልፈው አየር ይቀንሳል፣ የሞተሩ ሥራ ይበዛል፣ የበረሃው ሙቀትም ይጨመርበታል፤ ስለዚህ ልምድ ያላቸው ሾፌሮች አባይን በማለዳ መሻገርን ይመርጣሉ። መለኪያው ሲወጣ የውስጥ ማሞቂያውን መክፈት ተሳፋሪውን ቢያንገላታም ከሞተሩ ሙቀት ጥቂቱን ያወጣል፤ ካልበቃ ግን ቆሞ ሞተሩን ማጥፋት፣ ኮፈኑን መክፈትና መጠበቅ ብቻ ይቀራል። የራዲያተሩን ክዳን እንደጋለ መክፈት ፊትንና እጅን የሚያቃጥል እንፋሎት ይለቃል፤ በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መድፋትም ቴስታታውን ሊሰነጥቅ ይችላል። በጄሪካን ውሃ መያዝ የሁሉም ልማድ ሲሆን፣ እስኪቀዘቅዝ ግማሽ ሰዓት መታገሥ ግን የጥቂቶች ነው፤ የሚቸኩለውን ሰው የሚያስታግሠውም አብሮት ያለው ሰው ነው።

ደጀን ላይ ፈተናው አያበቃም፤ ከቡሬ በኋላ መንገዱ እንደገና ወደ አዊ ደጋ ይወጣል። እንጅባራ ከባሕር ወለል በላይ 2,560 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በመሆኗ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው አየር በሩብ ያህል ይሳሳል፤ ሞተር የሚሠራው በነዳጅና በኦክስጅን ስለሆነ፣ ካርቡራተር ያለው አሮጌ መኪና በዚያው መጠን ጉልበቱ ይቀንሳል፣ ነዳጁ ሳይቃጠል ስለሚተርፍም ጥቁር ጭስ ያበዛል። በዚህ ከፍታ ክዳን በሌለው ዕቃ የተጣደ ውሃ በ91 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ የራዲያተሩ ክዳን ግፊት በመያዝ መፍያውን ከ100 ዲግሪ በላይ ስለሚያደርሰው ጤነኛ መኪና አይቸገርም፤ ጎማው የላላ ክዳን ያለው መኪና ግን ሞተሩ መደበኛ ሙቀቱ ላይ እያለ ውሃው ሊፈላ ይችላል። በርካሽ የሚቀየር አንድ ክዳን በመናቁ ብዙ ሞተር ያልቃል።

የመኪናው አቅም ዳገት ላይ ካለቀ የሚቀረው ማስጎተት ነው። በአዊ መንገድ ላይ ገመድ የሚጥለው ብዙ ጊዜ የጭነት አይሱዙ ሲሆን፣ ፋግታ ለኮማ ወረዳንና አካባቢውን ከሸፈነው ዲከረንስ ከተባለ ዛፍ የሚከሰለውን ከሰል ጭነው የሚወርዱት መኪኖች ለመንገደኛ አዲስ አይደሉም። ሞተሩ የጠፋ መኪና ሲጎተት የፍሬኑ አጋዥ ስለማይሠራ ፔዳሉ ይደርቃል፣ አጋዥ ያለው መሪም ይከብዳል፤ ስለዚህ ከኋላ ያለው ሾፌር ርቀቱን ሲጠብቅ፣ ከጎኑ ያለው ሰው ከፊት ያለውን መኪና የፍሬን መብራትና የእጅ ምልክት ይከታተላል። በክረምት ዝናብና ጭጋግ በሚበዛበት በዚህ ደጋ በሌሊት መጎተት አደጋው እጥፍ በመሆኑ፣ ቡሬ ወይም ፍኖተ ሰላም አድሮ በጠዋት መካኒክ መፈለግ ከሁሉ የረከሰው አማራጭ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ቁም ነገር ባለትዳሮቹ ከመነሳታቸው በፊት ሊስማሙበት የሚገባ አንድ ደንብ ነው፦ «እንቁም» ያለው ማንም ይሁን ማን መኪናው ይቆማል፤ ክርክሩ ከቆሙ በኋላ ይደረጋል። በመሪው ላይ ያለው ሰው ገንዘብ ያወጣበት፣ ለቤተሰብ «ዛሬ እገባለሁ» ያለበት ቀን ስለሆነ ምልክቱን እያየ ለራሱ ሰበብ መስጠት ይቀናዋል፤ ጋቢና ያለው ሰው ደግሞ ያንን ተስፋ ላለመስበር ሲል ዝም ካለ ደግነቱ ለመኪናው ጠላት ይሆናል። በግዢው ላይ «ብዬህ ነበር» ወይም «ብዬሽ ነበር» መባባል ለቤት የሚቆይ ጉዳይ ሲሆን፣ በመንገድ ላይ የሚያስፈልገው ቁጥሩን ማንበብና ያዩትን መናገር ብቻ ነው።

መኪናው እንጅባራ ከገባ በኋላም የመጨረሻው ፈተና የሚመጣው በማግስቱ ጠዋት ነው፤ በደጋው ብርድ የሞተሩ ዘይት ይወፍራል፣ የደከመ ባትሪም ሞተሪኖውን፣ ማለትም ሞተሩን የሚያስነሳውን አነስተኛ የኤሌክትሪክ ሞተር፣ ማዞር ያቅተዋል። በእጅ ማርሽ የሚነዳ መኪና በዚህ ጊዜ ተገፍቶ ይነሳል፦ ቁልፉ ይከፈታል፣ ሁለተኛ ማርሽ ይገባል፣ ፍሪሲዮን ይረገጣል፣ መኪናው ሩጫ ሲይዝ ፍሪሲዮኑ በድንገት ይለቀቃል። «ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» የተባለው ለሌላ ነገር ቢሆንም፣ በሜዳ ላይ የቆመ መኪና ግን ለዚህ አባባል የማይታበል ማስረጃ ነው፤ አንዱ ከኋላ ካልገፋ፣ ሌላው ከውስጥ ፍሪሲዮኑን በጊዜው ካልለቀቀ አይነሳም።