የክረምት ወሬ በደብዳቤ

የትምህርቱ ዘመን አልቆ ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ጓደኛሞች ይለያያሉ። አንዱ ወደ አያቶቹ አገር ሄዶ በእርሻ ሥራ ይረዳል፤ ሌላዋ በከተማ ቀርታ እናቷን ታግዛለች፤ ሦስተኛው ዘመድ ለመጠየቅ ርቆ ይሄዳል። ሦስቱም እስከ መስከረም አይተያዩም። በዚህ ጊዜ የአንዱን ወሬ ለሌላው የሚያደርሰው ደብዳቤ ነው። ደብዳቤው እንደ ዱሮው በወረቀት ተጽፎ በፖስታ ሊላክ ይችላል፤ እንደ ዛሬው ደግሞ በእጅ ስልክ ተጽፎ በቅጽበት ሊደርስ ይችላል። መንገዱ ቢለያይም ሥራው አንድ ነው፤ ይኸውም በቦታው የሌለው ሰው ያላየውን እንዲያይ፣ ያልሰማውን እንዲሰማ፣ ወደፊት የሚሆነውንም አውቆ እንዲዘጋጅ ማድረግ ነው።

የወዳጅነት ደብዳቤ ቅርጽ ከዚህ በፊት የተማራችሁት ስለሆነ በአጭሩ እናስታውሰዋለን። በራስጌው በስተቀኝ የጸሐፊው አድራሻና ቀኑ ይጻፋል፤ ቀጥሎ የተቀባዩ ስም፣ ሰላምታው፣ ዋናው ሐሳብ፣ መሰናበቻውና የጸሐፊው ስም በተራ ይከተላሉ። በዚህ ትምህርት በሰፊው የምንመለከተው ግን ወሬው ራሱ እንዴት መነገር እንዳለበት ነው።

ሀ. ሰላምታው

የአማርኛ ሰላምታ ሰዎች ለምን ያህል ጊዜ እንደተለያዩ ይናገራል። ሌሊቱን ተለያይተው ጧት የሚገናኙ «እንደምን አደርህ?» ይባባላሉ፤ ቀኑን የተለያዩ «እንደምን ዋልሽ?» ይላሉ። ለጥቂት ቀናት ወይም ለሳምንታት ሳይተያዩ የቆዩ «እንደምን ሰነበትህ?» ይላሉ፤ ቃሉም ከሰንበት ጋር ዝምድና አለው። ወራት ያለፏቸው ደግሞ «እንደምን ከረምሽ?» ብለው ይጠያየቃሉ። «ከረመ» የሚለው ግሥ ከ«ክረምት» ጋር አንድ ሥር አለው፤ «ባጀ» የሚለውም እንዲሁ ከ«በጋ» ጋር ይዛመዳል። ስለሆነም በሰኔ ለተለያችሁት ጓደኛ በነሐሴ «እንደምን ዋልህ?» ብላችሁ ብትጽፉ ቃሉ ከጊዜው ጋር አይስማማም።

ከሰላምታው ቀጥሎ ብዙዎች «እኔ ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነኝ» ብለው ይጽፋሉ። ይህ የቆየና የተወደደ አባባል ነው። ነገር ግን ጸሐፊው በእርግጥ ደህና ካልሆነ እውነቱን ሊሸፍን አይገባም። የሰላምታ ልማድ የወሬውን ቦታ እንዳይወስድ ተጠንቀቁ።

ለ. ስለ አየሩ

በክረምት የሚጻፍ ደብዳቤ ስለ ዝናብ ሳይናገር የሚያልፍበት ጊዜ ጥቂት ነው። ሆኖም «ዝናቡ ኃይለኛ ነው» የሚለው ዐረፍተ ነገር ብቻውን ብዙ አያስረዳም፤ ዝናብ በየአገሩ ይለያያልና። በባሕረ ሐሳብ አቆጣጠር ክረምት ከሰኔ 26 ቀን እስከ መስከረም 25 ቀን ይቆያል። በአዲስ አበባ በዓመት ውስጥ ከሚዘንበው ዝናብ ግማሽ ያህሉ የሚወርደው በሐምሌና በነሐሴ ነው። በቦረናና በደቡብ ምሥራቁ ቆላ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ዝናብ አምጪው የአየር መቀነት ፀሐይን ተከትሎ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ስለሚመላለስ፣ በእነዚህ አገሮች ዋናው ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ሁለተኛውም በጥቅምትና በኅዳር ይጥላል፤ ሐምሌና ነሐሴ ለእነርሱ ደረቅ ወራት ናቸው። እንግዲህ እናንተ በጭቃ ስትቸገሩ ጓደኛችሁ አቧራ ሲጠርግ ይሆናል።

ስለዚህ ስለ አየር ስትጽፉ ሁለት ነገሮችን አስቡ። አንደኛ፣ አየሩ በሰው፣ በከብትና በሥራ ላይ ያደረገውን ተናገሩ። «ብርድ ነው» ከማለት «ኩበቱ ስለ ረጠበ እሳቱ እስኪነድ ድረስ በብርድ ልብስ ተጠቅልለን እንቀመጣለን» ማለት ይበልጣል። ሁለተኛ፣ የጓደኛችሁን አገር አየር በግምት አትለፉት፤ ጠይቁ። ጥያቄ ያለበት ደብዳቤ መልስ ይጠራል።

ሐ. ያዩትንና የሰሙትን መለየት

ሁለት ተማሪዎች ከአንድ ወንዝ ወዲህና ወዲያ ማዶ ይኖራሉ እንበል። በቡሄ ዕለት፣ ነሐሴ 13 ቀን ሊገናኙ ተቀጣጥረዋል። አንደኛው ለሁለተኛው «ወንዙ ጎድሏል፤ ና» ብሎ ጻፈለት። ወንዙን ግን በዓይኑ አላየውም፤ የጻፈው ከገበያ ከተመለሰ ሰው የሰማውን ነው። ሰውየውም ወንዙን ያየው ከሦስት ቀን በፊት ነበር። ሁለተኛው ልጅ ደብዳቤውን አምኖ ግማሽ ቀን በጭቃ ተጉዞ ቢደርስ ወንዙ ከዳር እስከ ዳር ሞልቶ አገኘው። አስተዋይ ልጅ ስለነበረ ተመለሰ፤ ደፋር ቢሆን ኖሮ ግን ውኃው ይወስደው ነበር። ወንዝ በአካባቢው ሳይዘንብ፣ በደጋው ላይ በጣለ ዝናብ ብቻ ድንገት ሊሞላ እንደሚችል አስታውሱ።

ጸሐፊው ሊዋሽ አላሰበም፤ የተሳሳተው በግሡ አጠቃቀም ነው። የሚከተሉትን ዐረፍተ ነገሮች አነጻጽሩ።

1. ወንዙ ሞላ።
2. ወንዙ ሞልቷል።
3. ወንዙ ሞልቶ ነበር።
4. ወንዙ ሞልቷል አሉ።
5. ወንዙ ሳይሞላ አይቀርም።

የመጀመሪያው ድርጊቱ መፈጸሙን ብቻ ይነግረናል። ሁለተኛው ድርጊቱ መፈጸሙንና ውጤቱ እስካሁን መኖሩን ያመለክታል፤ አሁንም መሻገር አይቻልም ማለት ነው። ሦስተኛው ሙላቱ አልፎ ሊሆን እንደሚችል ይጠቁማል። አራተኛው ወሬው የሌላ ሰው መሆኑን ይገልጻል። አምስተኛው የጸሐፊውን ግምት ያሳያል። ልጁ «ወንዙ ጎድሏል አሉ፤ እኔ ግን አላየሁትም» ብሎ ቢጽፍ ኖሮ ጓደኛው ሳይነሣ በፊት ሌላ ሰው በጠየቀ ነበር።

መ. ዕቅድን በልኩ መናገር

ከወሬው ቀጥሎ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ዕቅድ ነው፤ ለእንቁጣጣሽ የት እንደምትውሉ፣ ለመስቀል ማን ዘንድ እንደምትሄዱ፣ መቼ ወደ ትምህርት ቤት እንደምትመለሱ። በዚህም ላይ ግሡ የሐሳባችሁን ጥንካሬ በልኩ ማሳየት አለበት።

«እመጣለሁ» ማለት ቃል መግባት ነው። «ልመጣ አስቤአለሁ» ማለት ሐሳቡ አለኝ፣ ነገር ግን አልቆረጥሁም ማለት ነው። «እመጣ ይሆናል» መምጣትንም መቅረትንም እኩል ክፍት ይተዋል። «አክስቴ ከመጣች እመጣለሁ» ደግሞ ተስፋውን በአንድ ሁኔታ ላይ ያስራል። «ብመጣ ደስ ባለኝ ነበር» የሚለው ምኞት ብቻ ነው፤ እንዲያውም ላለመምጣት የተዘጋጀ ሰው የሚናገረው ነው። ምኞቱን በ«እመጣለሁ» የሚጽፍ ሰው ጓደኛውን በመናኸሪያ ያስጠብቃል፤ የጓደኛውን እናት ደግሞ በከንቱ ያስደግሳል። አባቶቻችን «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ያሉት የቃልን ክብደት ሲያሳዩ ነው።

ቀን ስትጠቅሱም ተጠንቀቁ። «በጳጉሜን እመጣለሁ» ከማለት «ጳጉሜን 3 ቀን እመጣለሁ» ማለት ይሻላል። ጳጉሜን በሦስቱ ዓመታት አምስት ቀን፣ በአራተኛው ዓመት፣ ይኸውም በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ ስድስት ቀን መሆኗንም አትርሱ።

ሠ. ሁለት ደብዳቤዎች

ከዚህ በታች ያሉት ሁለት ደብዳቤዎች ለምሳሌ ያህል የተዘጋጁ ናቸው። ሁለቱንም አንዲት ልጅ በአንድ ቀን ጽፋቸዋለች ብላችሁ አስቡ። ጽጌ ክረምቱን በደብረ ብርሃን አጠገብ ከአያቷ ጋር ታሳልፋለች፤ ጓደኛዋ አልማዝ በአርባ ምንጭ ከወላጆቿ ጋር ናት። ሁለቱ የሚማሩት በአዲስ አበባ ነው።

የመጀመሪያው ደብዳቤ፤

«ይድረስ ለምወድሽ ጓደኛዬ ለአልማዝ፤ ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። እዚህ ዝናቡ ኃይለኛ ነው። ቡሄ ጥሩ ነበር። በመስከረም እመጣለሁ። ሌላ አዲስ ወሬ የለም። ያንቺው ጽጌ።»

ሁለተኛው ደብዳቤ፤

ደብረ ብርሃን
ነሐሴ 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ ጓደኛዬ ለአልማዝ፤

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እናትሽና ወንድሞችሽስ እንዴት ናቸው? እኔ ደህና ነኝ፤ አያቴ ግን ደህና አይደሉም። ነሐሴ 9 ቀን ውኃ ሊቀዱ ሲወርዱ ጭቃው አንሸራቷቸው ወደቁና እግራቸው ተሰበረ። ሐኪሙ እስከ መስከረም አጋማሽ እንዳይቆሙ አዟቸዋል።

ሐምሌ ከገባ ወዲህ ፀሐይ ያየንባቸው ቀኖች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ጧት ጧት ጉሙ በደጃፋችን ያለውን የበጎች በረት እንኳ ይሸፍነዋል። በሬሳ ሞልቶ የጎረቤታችንን ሁለት በጎች ወሰደ ይባላል፤ እኔ አላየሁም። አንቺ ካለሽበት ከአርባ ምንጭ ሙቀት ጥቂት ብትልኪልኝ ምንኛ ደስ ባለኝ! ለመሆኑ እናንተ ዘንድ ዘንቧል?

በቡሄ ሙልሙሉን የጋገርሁት እኔ ነኝ። ግማሹ አረረብኝ። ሆያ ሆዬ ሊሉ የመጡት ልጆች ግን ምንም ሳያጉረመርሙ ወሰዱት፤ አያቴም ከመደባቸው ላይ ሆነው ሳቁ። ከወደቁ ወዲህ ሲስቁ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ለእንቁጣጣሽ እመጣለሁ ብዬሽ ነበር፤ አሁን ግን አልችልም። አክስቴ ከመስከረም 10 ቀን በኋላ መጥታ ልትተካኝ ቃል ገብታለች። እርሷ ከመጣች እመለሳለሁ፤ ደመራውንም አብረን እናያለን። ከቀረች ግን የዘንድሮው ትምህርት ሊያልፈኝ ይችላል፤ ይህን አስቤ እንቅልፍ ያጣሁባቸው ሌሊቶች አሉ። አንቺ በጳጉሜን አዲስ አበባ ስትደርሺ ምዝገባው የሚያበቃበትን ቀን ጠይቀሽ አስታውቂኝ። ለክፍላችን ኃላፊ መምህርም ያለሁበትን ሁኔታ ንገሪልኝ።

ለቤተሰቦችሽ ሁሉ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ።

የማትረሳሽ ጓደኛሽ፣
ጽጌ

ረ. የሁለቱ ልዩነት

በመጀመሪያው ደብዳቤ ውስጥ የሰዋስው ስሕተት የለም፤ ሰላምታውም የተሟላ ነው። ነገር ግን ሦስት ዐረፍተ ነገሮች እውነቱን ሸፍነውታል። «ደህና ነኝ» የአያቷን ሕመም፣ «በመስከረም እመጣለሁ» የልጅቱን ሥጋት፣ «ሌላ አዲስ ወሬ የለም» የቀረውን ሁሉ ደብቀዋል። አልማዝ ይህን ደብዳቤ አንብባ ጓደኛዋን በመስከረም ከመጠበቅ በቀር የምታደርገው ነገር የለም። ምዝገባውም ማንም ሳይጠይቅ ያልፋል።

ሁለተኛው ደብዳቤ በልዩ ልዩ ቃላት አልተዋበም። ያም ሆኖ አልማዝ የምታውቀውና የምታደርገው አላት። የአያቲቱ እግር መሰበር እንደ ተረጋገጠ ነገር ተነግሯል፤ የበጎቹ መወሰድ ግን «ይባላል» በሚለው ቃል ለሰሚ ወሬነቱ ተጠብቆለታል። «እመጣለሁ ብዬሽ ነበር» የሚለው የቀደመው ቃል መለወጡን በግልጽ ያምናል። «ከመጣች» እና «ከቀረች» የሚሉት ሁለት ሁኔታዎች ለሁለት ውጤቶች ያዘጋጃሉ። ያረረው ሙልሙልና የአያቲቱ ሳቅም ያለ ምክንያት አልገቡም፤ ጽጌ በቤቱ ውስጥ የማንን ሥራ እንደተሸከመች ያሳያሉ።

አንዳንድ ተማሪዎች «ችግሬን ብጽፍ ጓደኛዬን አሳዝናለሁ» ብለው ዝም ይላሉ። ሐሳቡ የመልካም ልብ ሐሳብ ነው። ሆኖም ጓደኛ የሚያዝነው ወሬውን በመስማቱ ብቻ አይደለም፤ ሊረዳ ይችል በነበረበት ጊዜ ባለመስማቱ ይበልጥ ያዝናል። እናንተም በዚህ ክረምት ስትጽፉ ካስቀመጣችሁት ዐረፍተ ነገር እያንዳንዱን «ይህን አይቻለሁን? ሰምቻለሁን? ቆርጫለሁን? ወይስ ተመኝቻለሁ?» እያላችሁ መርምሩ፤ ከዚያም መልሳችሁን የሚገልጸውን ግሥ ምረጡ።

መልመጃ

1. «ዋለ»፣ «ሰነበተ» እና «ከረመ» የሚሉትን ግሦች በሰላምታ ዐረፍተ ነገር ውስጥ አስገቡ፤ እያንዳንዱ ለምን ያህል ጊዜ መለያየት እንደሚስማማ ግለጹ።
2. «መንገዱ ተበላሸ» የሚለውን ዐረፍተ ነገር ሀ) ውጤቱ እስካሁን እንዳለ፣ ለ) ከሌላ ሰው እንደተሰማ፣ ሐ) እንደ ግምት አድርጋችሁ ጻፉ።
3. ከሁለተኛው ደብዳቤ ውስጥ ቃል የተገባበትን፣ ምኞት የተገለጸበትንና ሁኔታ የታሰረበትን ዐረፍተ ነገር አንዳንድ ለይታችሁ አውጡ።
4. አልማዝ ሆናችሁ ለጽጌ መልስ ጻፉ። የአርባ ምንጭን አየር፣ አንድ ያያችሁትንና አንድ የሰማችሁትን ነገር፣ እንዲሁም ስለ ምዝገባው የምታደርጉትን ጨምሩ። ልታደርጉት የማትችሉትን ነገር «አደርጋለሁ» ብላችሁ አትጻፉ።